የሱቁ ኮምፒውተር ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ዓመት ክረምት፣ መብራት ሄዶ በተመለሰበት አንድ ማለዳ፣ በሰፈራችን ያለች የአንዲት አነስተኛ መድኃኒት ቤት ኮምፒውተር አልነሣ አለ። ባለቤቷ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ ወይዘሮ ናቸው። መንገድ ላይ አገኙኝና «ዶክተር፣ እርስዎ የኮምፒውተር ሰው አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። «የፊዚክስ ነኝ እትዬ» ብላቸው «ያው ነው» ብለው ይዘውኝ ገቡ።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ሲነግሩኝ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። የእያንዳንዱ መድኃኒት የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ፣ የአቅራቢዎች ሒሳብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በዱቤ እየወሰዱ የጡረታ አበል ሲቀበሉ የሚከፍሉ የሰፈሩ አዛውንት መዝገብ። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው «ስንጠራው የሚመጣ ልጅ» ነበር። ልጁ ጎበዝና ታማኝ እንደነበር ወይዘሮዋ ደጋግመው መሰከሩለት፤ ነገር ግን ከሁለት ወር በፊት ለሥራ ወደ አንዱ የባሕረ ሰላጤ አገር ሄዷል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለ! «ዲ ላይ» ነው።

ዲስኩን አውጥተን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ስናገናኘው የሚሰማው የማያቋርጥ የኳኳታ ድምፅ ብቻ ነበር። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ ተማሪዎች ብዙዎቹ ፋይላቸውን «ዲ» ላይ እንደሚያስቀምጡ አውቃለሁና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች «ሲ» እና «ዲ» የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ጓዳዎች ማለት ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ «ሲ» ፎርማት ቢደረግ «ዲ» ይተርፋል፤ ቤቱ ሲቃጠል ግን ሁለቱም አብረው ይቃጠላሉ። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ አንባቢው ጭንቅላት ደግሞ ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ጠጕር ከዚህ ርቀት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይወፍራል። ጭንቅላቱ ሳህኑን ሲነካ ደግሞ የትኛው ጓዳ የማን እንደሆነ አይለይም።

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ የብዙ ሰው ፍርድ «ሥራን ለውጭ ሰው መስጠት መዘዙ ይህ ነው፤ የራሳቸውን ሠራተኛ ቢቀጥሩ ኖሮ» የሚል ሆነ። እኔ በዚህ አልስማማም። የወይዘሮዋ ስሕተት ሥራውን ለውጭ ባለሙያ መስጠታቸው አልነበረም።

ፈረንጆቹ «አውትሶርሲንግ» የሚሉት ይህ አሠራር በኮምፒውተር ዓለም ረዥም ዕድሜ አለው። ኢዲኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሌሎችን ኮምፒውተር ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ኮዳክን የሚያህል ግዙፍ ድርጅት የኮምፒውተር ማዕከሎቹን ለአይቢኤም ሲያስረክብ ነገሩ የትላልቆች ፋሽን ሆነ። በእኛ ከተሞች ግን ትንንሾቹ ነጋዴዎች ስሙን ሳያውቁት ሲሠሩበት ኖረዋል። በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ደረሰኝ ሰብስቦ በፒችትሪ ሒሳብ የሚዘጋው የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሠራተኛ ሌላ ምንድን ነው?

ይህ አሠራር ለምን እንደሚያዋጣ ለማስረዳት የፊዚክስ ሰው የተሻለ ዕድል ያለው ይመስለኛል። አንድ ሱቅ በአማካይ በወር አንድ ብልሽት ይገጥመዋል እንበል። አማካዩ አንድ ነው ማለት በየወሩ አንድ ይደርሳል ማለት አይደለም። ብልሽቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዙ በዘፈቀደ የሚደርሱ ከሆነ፣ የፕዋሶን ሥርጭት እንደሚነግረን፣ ከ100 ወራት በ37 ያህሉ ምንም አይበላሽም፤ በ8 ያህሉ ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ይደራረባል። ሱቁ የራሱን ባለሙያ ቢቀጥር ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ በክፉው ወር ግን አይበቃም። አሁን 25 ሱቆች በአንድነት ባለሙያ ቢይዙ አማካዩ 25 ይሆናል፤ መዋዠቁ ግን የ25 ዳግም ዘር፣ ማለትም 5 ብቻ ነው። የአንዱ ሱቅ ዕጣ ከአማካዩ መቶ በመቶ ሲዋዥቅ የ25ቱ በአንድነት 20 በመቶ ብቻ ይዋዥቃል። በፊኛ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት የማይንቀጠቀጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ፈለገው ሲራወጥ ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ስለሆነ ድምሩ ይረጋጋል። እንግዲህ ሥራን ለጋራ ባለሙያ መስጠት የዱባይ ወይም የአሜሪካ ብልጠት ሳይሆን የዳግም ዘር ሕግ ውጤት ነው።

ሕጉ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ተማሪዎቼም በፈተና ላይ የሚረሱት እርሱን ነው። ብልሽቶቹ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ መሆን አለባቸው።

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ 25 ሱቆችን የያዘ ባለሙያ እናስብ። ሁሉም የሚጠቀሙት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 160 ሲወርድ የኮምፒውተሩ የኃይል ማቅረቢያ የሚፈልገውን ኃይል ለማግኘት 37 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ኃይል የቮልቴጅና የኤሌክትሪክ ፍሰት ብዜት ነውና አንዱ ሲያንስ ሌላው ይጨምራል፤ ይሞቃልም። መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ የሕንፃው ማቀዝቀዣና ሞተር ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣል፤ ቮልቴጁም ይዋዥቃል። በዚያ ማለዳ 25ቱም ሱቆች ለአንዱ ልጅ ይደውላሉ። የዳግም ዘር ሕግ የሚሰጠው መረጋጋት በዚያች ሰዓት የለም፤ ሃያ አምስቱ አንድ ሱቅ ሆነዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን ባለሙያ ስመርጥ ደንበኞቹ በተለያየ ሰፈር የተበተኑለትን እመርጥ ነበር፤ ለዩፒኤስ የሚወጣውንም ገንዘብ በጥገና ሒሳብ ውስጥ እቆጥረው ነበር።

ትራንስፎርመሩ ቢያንስ በዓይን ይታያል። የማይታየው ትስስር ይበልጥ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2021 ሬቪል በሚል ስም የሚታወቅ የወንጀለኞች ቡድን ካሴያ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሶፍትዌር ውስጥ ሾልኮ ገባ። ይህ ሶፍትዌር የኮምፒውተር ጥገና ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ኮምፒውተሮች ከሩቅ ሆነው የሚያስተዳድሩበት መሣሪያ ነው። ጥቃቱ በቀጥታ ያገኘው ከ60 ያነሱ የካሴያ ደንበኞችን ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ራሳቸው የሌሎችን ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩ ስለነበሩ፣ ኩባንያው ራሱ እንደ ገመተው፣ ከ800 እስከ 1,500 የሚደርሱ አነስተኛ ድርጅቶች መዝገባቸው ተቈለፈባቸው። ቤዛው 70 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ። በስዊድን ኩፕ የተባለው የገበያ አዳራሽ ድርጅት የገንዘብ መቀበያ መሣሪያዎቹ ስለ ቆሙ 800 ያህል ሱቆቹን ለመዝጋት ተገደደ። ልብ በሉ፤ ኩፕ ከካሴያ ጋር ቀጥተኛ ውል አልነበረውም። መሣሪያዎቹን የሚያስተዳድርለት ድርጅት ነበር በካሴያ የሚጠቀመው። ሠራተኛው ሠራተኛ ቀጥሮ ነበር ማለት ነው።

ክፋት እንኳ ሳይኖር ይህ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ የላከው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ባንድ ጊዜ ጣለ። ጠላት አልነበረም፤ ጠባቂው ነበር የጣላቸው።

ታዲያ ሥራን በአንድነት መስጠት መልካም፣ በአንድነት መውደቅ ደግሞ ክፉ ከሆነ መለያው የት ላይ ነው? በእኔ እምነት መለያው በድካሙና በቁልፉ መካከል ነው። ድካሙን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ ቁልፉ ግን ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም። አንድ የሥነ ኢኮኖሚ መምህር ወዳጄ ይህን ስነግረው «ነጋዴው እኮ ስለ ኮምፒውተር አያውቅም፤ ቁልፍ ቢይዝ ምን ያደርግበታል?» አለኝ። የሚኒባስ ባለንብረት ስለ ሞተር ምን ያውቃል? መንዳትም ላይችል ይችላል። መኪናውን ለሾፌር አስረክቦ ቤቱ ይተኛል፤ ሊብሬውን ግን ለሾፌሩ አይሰጥም። ነጋዴዎቻችን ይህን ጥበብ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የጎደላቸው የኮምፒውተሩ ሊብሬ የትኛው እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ነው።

እኔ እንደሚታየኝ የኮምፒውተሩ ሊብሬ በታሸገ ፖስታ ተጽፎ ባለቤቱ ዘንድ የሚቀመጠው የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ነው። ከሱቁ ውጭ የሚያድር የመዝገቡ ቅጂም ነው፤ ያውም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ተጨማሪ ዲስክ ቈላፊ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቈለፋልና። ነጻነቱን የሚጠብቅልን፣ ማለትም የእኔን ብልሽት ከጎረቤቴ ብልሽት የሚለየው፣ ይህ የተነቀለ ዲስክ ነው።

ስለ ክፍያውም አንድ ነገር ልበል። በጠሩት ቁጥር የሚከፈለው ባለሙያ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ይጠቀማል፤ ክፉ ሰው ባይሆንም ለመከላከል የሚያነሣሣው ነገር የለም። ስለዚህም ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶውስ ይጭናል፤ እንዳያስቸግረውም ማሻሻያውን ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያስጨነቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት በመጋቢት ደፍኖት ነበር። ሁለት ወር ያህል ቀድሞ! የተጐዱት ማሻሻያውን ያልጫኑ ናቸው። በወር ቁርጥ ክፍያ የሚሠራ ባለሙያ ግን ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሲሆን ዕረፍት ያገኛል፤ ጥቅሙ ከባለቤቱ ጥቅም ጋር አንድ ይሆናል። ወርኃዊ ክፍያ ለነጋዴው ከንቱ ወጪ እንደሚመስለው አውቃለሁ። «ምንም ሳይበላሽ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። የሚከፍለው ግን ምንም እንዳይበላሽ ነው።

ሕጉም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ ለራሱ ዓላማ የሚሰበስበውንና በእርሱ ስም የሚያቀናብረውን ለይቶ ያያል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ይመድባል። ማን የስኳር መድኃኒት እንደሚወስድ የሚናገር የዱቤ መዝገብ ተራ የሱቅ ደብተር አይደለም። ሥራውን ለሌላ መስጠት ኃላፊነቱን አብሮ አይወስድም።

በውጭ አገር ስላለው ልጅ ብዙ ሰው ክፉ ተናግሯል፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ውል አልነበረውም። የተከፈለው ለመጠገን እንጂ ለመጻፍ አልነበረም፤ ሲሄድም ማንም «አስረክብ» አላለውም። የእኛም ጥፋት አለበት። በዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም መጻፍ እናስተምራለን፤ የሠሩትን ለሚቀጥለው ሰው በአንድ ገጽ ጽፎ ማስረከብን ግን ቁም ነገር ብለን ስናስተምር አላይም። ተመራቂዎቻችንም ይህን ሥራ «ፎርማት አድራጊነት» እያሉ ይንቁታል። ሦስት ጓደኛሞች ከላይ ያሰላሁትን የ25 ሱቅ ሒሳብ ይዘው ቢነሡ የሚያገኙት ገቢ ከብዙ የመጀመሪያ ቅጥር ደመወዝ ያንሳል ብዬ አላስብም። ሥራውም የአእምሮ ሥራ ነው፤ ስለ ዕድል፣ ስለ ነጻነትና ስለ ትስስር ማሰብን ይጠይቃል።

መድኃኒት ቤቷ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜዎቹን ከየካርቶኑ እያነበበች እንደ ገና ለመመዝገብ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀባት። አቅራቢዎቹ የሚፈልጉትን ገንዘብ አንድም ሳይረሱ አስታወሱ። አዛውንቱም በየተራ እየመጡ ያለባቸውን ራሳቸው አስመዘገቡ፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ ወይዘሮዋ ፈጽሞ የማያስታውሱትን ዕዳ ጨምረው እንደ ነገሯቸው ሰምቻለሁ።

አሁን ሥራውን ሁለት ወጣቶች በወር ክፍያ ይዘውታል። ቅጂው በየሳምንቱ ይወሰዳል፤ ዲስኩም ወይዘሮዋ ቤት ያድራል። ባለፈው ወር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅጂው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ለመፈተን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መለስነው። 50 ደቂቃ ፈጀ። የዱቤው መዝገብ ተከፈተ፤ የአቅራቢዎቹ ግን አልተከፈተም። ልጆቹ ምክንያቱን እየፈለጉ ነው።