መቶ ሺህ ኢምፕሬሽን ስንት ሰው ነው?

የኢንተርኔት ማስታወቂያ በአማርኛ ይነገረን ስል ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ከግዕዝ አዲስ ቃል ይፈልሰፍ ማለቴ አይደለም። «ክሊክ» ክሊክ ተብሎ ይቅር፣ ማንንም አልጎዳም። የምለው ሌላ ነው። ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ያመጣውን ሪፖርት ለገንዘቡ ባለቤት በገበያ አማርኛ ማስረዳት ካልቻለ፣ ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እንዲታወቅበት አይፈልግም።

ነገሩ እኛ ጋ ይብሳል። ኒው ዮርክ ያለ ባለሱቅ ፌስቡክ ላይ ሲያስተዋውቅ በራሱ ካርድ ይከፍላል፣ በራሱ አካውንት ገብቶም ቁጥሩን ያያል። አዲስ አበባ ያለች ቀሚስ ሻጭ ግን ብዙ ጊዜ በዶላር የሚከፍል ካርድ የላትም። ስለዚህ ካርድ ላለው ሰው ብሯን ትሰጣለች፣ እሱ «ቡስት» ያደርግላታል፣ ሲያልቅ ስክሪንሾት ይልክላታል። ስክሪንሾቱ ላይ «ሪች»፣ «ኢምፕሬሽን»፣ «ኢንጌጅመንት»፣ «ሲቲአር» የሚሉ ቃላት አሉ፤ ከጎናቸው ትልልቅ ቁጥሮች። በቃ፣ ደረሰኟ እሱ ነው። ደረሰኙን ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ምን እንደገዛ አያውቅም።

እስቲ አብረን እናንብበው።

«ኢምፕሬሽን» በእንግሊዝኛ ሰው ልብ ውስጥ የሚቀር አሻራ እንደማለት ነው። በማስታወቂያው ሰፈር ግን ማስታወቂያው አንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ወጣ ማለት ብቻ ነው። ለአንድ ሰው አሥር ጊዜ ከወጣ አሥር ኢምፕሬሽን ይባላል፤ «ሪች» ግን አንድ ነው። ስለዚህ መቶ ሺህ ኢምፕሬሽን አሳይቶ «መቶ ሺህ ሰው አየልሽ» የሚል ሰው እየዋሸ ነው። «ታየ» የሚለው ራሱ ምን ያህል መታየት ነው? አሜሪካ ውስጥ ለዚህ መስፈርት የሚያወጣው ሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል እንዳለው፣ የማስታወቂያው ግማሽ ስክሪን ላይ ለአንድ ሰከንድ ከቆየ እንደታየ ይቆጠራል፤ ቪዲዮ ከሆነ ሁለት ሰከንድ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን በአውራ ጣቱ ሽቅብ የሚገፋው ልጅ ለአንድ ሰከንድ የወጣለትን ቀሚስ አስተዋለው ትላላችሁ? ይህ ደግሞ ጠበቅ ያለው መስፈርት ነው። ተራው ኢምፕሬሽን ይህንንም አይጠይቅም።

ቀጥሎ «ሲፒኤም» አለ፤ ለሺህ ኢምፕሬሽን የሚከፈል ዋጋ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ኤም ሚሊዮን አይደለችም፣ በላቲን ሺህ ማለት ናት። በምሳሌ እንየው። ሲፒኤሙ 2 ዶላር ቢሆን መቶ ሺህ ኢምፕሬሽን 200 ዶላር ይፈጃል። ከመቶው አንዱ ክሊክ ቢያደርግ፣ ማለትም «ሲቲአሩ» 1 በመቶ ቢሆን፣ 1,000 ክሊክ ይገኛል። ከሺሁ አምስት ሰው ቢገዛ አንዷን ቀሚስ ለመሸጥ 40 ዶላር ወጥቷል ማለት ነው። ሻጯ ከአንድ ቀሚስ የምታተርፈው ከ40 ዶላር በታች ከሆነ ከስራለች። ስክሪንሾቱ ግን ያምራል! መቶ ሺህ የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ አምስት የሚለው የትም የለም።

በሙያዬ ፕሮግራመር ነኝ። እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ እንደማይወርዱ አውቃለሁ። እያንዳንዳቸው ኮድ ውስጥ የተጻፈ አንድ ሁኔታ ሲሟላ አንድ የሚጨምሩ ቆጣሪዎች ናቸው። ዋናው ጥያቄ ሁኔታውን ማን ጻፈው የሚለው ነው። መልሱ፦ ሻጩ። ዕቃውም የሱ፣ ሚዛኑም የሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ የቪዲዮ ማስታወቂያዎችን አማካይ የእይታ ጊዜ አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር አምኗል። ስህተቱ ቀላል የማካፈል ስህተት ነበር፤ ጠቅላላውን የእይታ ሰዓት ለሁሉም ተመልካች ማካፈል ሲገባ፣ ከሦስት ሰከንድ በላይ ላዩት ብቻ ተካፈለ። ቶሎ ያለፉት ከስሌቱ ሲወጡ አማካዩ አበጠ። አስተዋዋቂዎች ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው 40 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመስማማት ተገደደ። ጠበቃ ያላቸው ካሳ አገኙ። የኛዋ ቀሚስ ሻጭ ማንን ትክሰስ?

ከሁሉም የሚያስቀኝ «ኮንቨርዥን» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሃይማኖት መለወጥ ማለትም ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ «ገዛ» ተብሎ ይተረጎማል። ግን ኮንቨርዥን ማለት ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሰው «ይህን ውጤት ብዬ እቆጥረዋለሁ» ብሎ የመረጠው ነገር ሁሉ ነው። አንዱ ኢንቦክስ ገብቶ «ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ ጠፋ እንበል። ውጤት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ሽያጭ ሲቆጠር እንኳ የማን ሽያጭ ነው የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። በሜታ የተለመደው አቆጣጠር፣ ማስታወቂያውን ክሊክ ያደረገ ሰው በ7 ቀን ውስጥ ከገዛ ሽያጩ የማስታወቂያው ነው ይላል። ክሊክ ሳያደርግ፣ ስክሪኑ ላይ ስለወጣ ብቻ፣ በ1 ቀን ውስጥ ከገዛም እንደዚያው።

ኢቤይ ይህን ነገር ፈትኖታል። ሰዎች የኩባንያውን ስም ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ከላይ ለሚወጣው ማስታወቂያ ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢኮኖሚስቶቹ በአንዳንድ የፍለጋ ገጾች ላይ ክፍያውን አቋረጡ። ምን ተፈጠረ? ሰዎቹ ከሥር ያለውን ነፃ ሊንክ ነክተው ገቡ። በማስታወቂያው በኩል ይመጣ የነበረው ጎብኚ ከሞላ ጎደል በሙሉ በነፃው መንገድ መጣ። ለዚህ ቃል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤትህን ሊከራይ ስልክህን ራሱ አግኝቶ የመጣን ሰው በር ላይ ጠብቆ «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ኮሚሽኔን» የሚል ሰው ምን ይባላል? ደላላ ነው፤ ያውም ያላገናኘ ደላላ። በአማርኛ ስንለው ሁሉም ሰው ይነቃል። «አትሪብዩሽን» ስንለው ግን አንገታችንን እየነቀነቅን እንከፍላለን።

ገዢውም ከዚህ ቋንቋ አያመልጥም። «ሊድ» የሚባለው የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ነው። «አምስት መቶ ሊድ አለኝ» የሚል ሰው የአምስት መቶ ሰው ስልክ ይዣለሁ ማለቱ ነው። ሰዎቹ ፈቅደዋል ወይ? አሁን እኮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የሰው መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። «ሊድ» ሲባል ሸቀጥ ይመስላል፣ የማንም አይመስልም። «የሰው ስልክ ቁጥር» ሲባል ባለቤት እንዳለው ትዝ ይላል።

«ሁሉም ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ሐኪምም በላቲን ይጽፋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። እኛም ፕሮግራመሮች እርስ በርሳችን ስናወራ ሌላ ሰው አይገባውም። ነገር ግን ጥሩ ሐኪም ወደ በሽተኛው ሲዞር «ሳንባዎ ውስጥ ውሃ አለ» ይላል። ለባልደረባ የሚነገር ቃል አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው ማብራሪያ ሳይሰጡ በዚያው ቃል ሂሳብ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው። «ማስታወቂያ አይሠራም» እያልኩም አይደለም። ይሠራል። በሐቅ የሚሠሩ ልጆችም አውቃለሁ፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው በአንድ ደቂቃ ያስረዳሉ። ይህ ጽሑፍ እነሱን አይነካም፣ እንዲያውም ገበያ ያመጣላቸዋል።

ስለዚህ እናታችሁ፣ እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ማስታወቂያ ልታሠራ ስትል እነዚህን ጥያቄዎች ይዛ ትሂድ። በሰው ቁጥር ንገረኝ፣ ስንት የተለያየ ሰው ጋ ደረሰ? ከነዚህ ስንቱ ገዛ? ማስታወቂያው ባይኖር ከገዙት ስንቶቹ ይመጡ ነበር? አንዱን ገዢ ለማምጣት ከኔ ኪስ ስንት ብር ወጣ፣ ያንተ ኮሚሽን ተጨምሮ? አካውንቱን ደግሞ በስክሪንሾት ሳይሆን ከፍተህ አሳየኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ለኢቤይም ከባድ ነበር። ቢሆንም የተጠየቀው ሰው «እሱን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ ግን ለሁለት ሳምንት አቁመን እንየው» ካለ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ታሠራው። «ኢንጌጅመንቱ አሪፍ ነው እኮ» ካለ ግን ብሯን ይዛ ትመለስ።