«ኤኮ ጨምርልኝ!»

ሰባኪው መድረክ ላይ ወጥቶ ገና «ጌታ ይባረክ» ሳይል ሳውንድ ወደሚቆጣጠረው ወንድም በእጁ ያመለክታል፤ ኤኮ ጨምር ማለቱ ነው። ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ የተናገረው ቃል ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሰ የሚቀጥለውን ቃል ይውጠዋል። ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ለምኑ እንደሆነ ብትጠይቁት ግን አያውቅም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በወጣትነቴ ድምፄ ሲያስተጋባ ቅባት የጨመረልኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት እናት «ልጄ፣ ድምፅህ ደስ ይላል፤ ምን እንዳልክ ግን አልሰማሁም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወገኖች፣ ኤኮ ቃሉን ራሱን ይደግማል፤ ሪቨርብ ደግሞ የድምፁን ጅራት ያስረዝማል። ለዝማሬ ሪቨርብ መልካም ነው። ለዝግታ መዝሙር ወደ ሁለት ሰከንድ የሚጠጋ ጅራት አልቃወምም፤ ጅራቱ ከድምፁ ጥቂት ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይጀምር፣ ወፍራሙም ድምፅ ከሪቨርቡ ላይ ይቆረጥ፤ ያኔ የመዝሙሩ ቃል ይሰማል። ለስብከት ግን ምን ያደርጋል? የአብዛኞቹ አዳራሾቻችን ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ወለላቸው ሲሚንቶ ነው። ሚክሰሩ ሳይከፈት እነርሱ ራሳቸው ያስተጋባሉ!

እ.ኤ.አ. በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ የፊዚክስ መምህር በሃርቫርድ አንድ የመማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠየቀ። በባዶው አዳራሽ ድምፅ 5.5 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ይቆይ ስለነበር የመምህሩ ንግግር አይለይም ነበር። ሳቢን የወንበር ትራስ እያስገባ ድምፁ እንዴት እንደሚዋጥ ለካ። እነርሱ ለማስወገድ የደከሙበትን እኛ በገንዘባችን ገዝተን እናስገባለን።

«ሕዝቡ መንፈሱ የሚነካው እንዲህ ሲሆን ነው» የሚለኝ አገልጋይ ነህምያ 8ን ያንብብ። ዕዝራ የእንጨት መድረክ ላይ ነበር፤ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲያስተውል ንባቡን ያብራሩ ነበር። ሕዝቡ ያለቀሰው የሕጉን ቃል ሰምቶ ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለማይለይ የመለከት ድምፅ የጻፈው በከንቱ አይደለም። እኛ በመልእክታችን ላይ እምነት ስናጣ ነው ማሽኑን የምንለምነው፤ ይህን ስል ከራሴ ጀምሬ ነው።

አንተ ሳውንድ የያዝክ ወንድሜ፣ አገልግሎትህ ቀላል አይደለም። ዝማሬው ሲያበቃ ኢፌክቱን ዝጋው። ሰባኪው በእጁ ቢያመለክትህ አላየሁም በል። ከተቆጣህም ይህን ጽሑፍ አሳየው፤ ቁጣው ወደ እኔ ይምጣ።