የሜዳው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ስለ ቴኒስ ልጽፍ ነው። «አገሩ በምን ላይ ነው፣ አንተ በምን ትጫወታለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም መሠረተ ቢስ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልላችን በጦርነት ሲታመስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆች የመማሪያ ዘመናቸውን በየደጃፉ ተቀምጠው አሳልፈዋል። በዚህ መካከል ስለ ራኬትና ስለ መረብ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በከተሞቻችን መናፈሻ እየተሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ደርሶ፣ በባሕር ዳርም በጎንደርም የእግረኛ መንገዱ ተነጥፏል፣ ሣሩ ተተክሏል፣ መብራቱ ቆሟል። ስለዚህ «ይሠራ ወይስ አይሠራ» የሚለው ክርክር አልፎበታል። የቀረን ጥያቄ የተሠራው ለማን ይከፈታል የሚለው ነው፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ ከቴኒስ ሜዳ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

እንደሚታወቀው የሜዳ ቴኒስ በአገራችን ያደገው በአጥር ውስጥ ነው። ኤምባሲዎች፣ የውጭ ዜጎች ያቋቋሟቸው እንደ ጁቬንቱስ ያሉ ክበባት፣ በ1960ዎቹ እንደተከፈተው ሂልተን ያሉ ሆቴሎች የጨዋታው ቤት ሆነው ቆይተዋል። የደሃ ልጅ ወደዚያ ግቢ የሚገባበት አንድ በር ቢኖር ኳስ አቀባይነት ነበር፤ ጌቶች ሲመቱ እየሮጠ ይለቅማል፣ ሲመሽ በተጣለች ኳስ ግድግዳ ላይ ይለማመዳል። በአዲስ አበባ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የተባሉ ወንድማማቾች ለችግረኛ ልጆች የቴኒስ ሥልጠናን ከትምህርት ድጋፍ ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ድርጅት አቋቁመው ብዙ ልጆችን አሳድገዋል። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ የአንድ አገር ልጆች ዕጣ በሁለት ወንድማማቾች ቸርነት ላይ ሲንጠለጠል መንግሥት የሚባለው አካል የት ነበር ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። በዱላ ኳስ መምታት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የገና ጨዋታ በመስክ ላይ ይካሄድ ነበር፤ መስኩም አጥር አልነበረውም፣ ማንም ቁልፍ አልያዘበትም። በዚያች ቀን ጌታው በሎሌው ዱላ ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነበር። ያን ጨዋታ ያወረሱን አባቶች የመጫወቻ ቦታን በክፍያ መግቢያ አላወቁትም፤ መናፈሻን በትኬት ያስተማረን ዘመናዊነታችን ነው።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በሪችመንድ ከተማ፣ ብሩክ ፊልድ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ ነበር። ጥቁሮች ወደ ነጮች መናፈሻ እንዳይገቡ ሕግ በሚከለክልበት በዚያ ዘመን ለጥቁሮች የተመደበ ቦታ ነበር። የመናፈሻው ጠባቂ አርተር አሽ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ከነቤተሰባቸው የሚኖሩትም እዚያው መናፈሻው ውስጥ ባለ ቤት ነው። ከደጃፋቸው ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ አራት የቴኒስ ሜዳዎች ነበሩ። በአባቱ ስም የሚጠራው ልጃቸው ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው ወይም እንደሞላው ራኬት ያዘ፤ ሮን ቻሪቲ የሚባል የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሠለጠነው። በዚያችው ከተማ ቢርድ ፓርክ የነበሩት የተሻሉ ሜዳዎች ለነጮች ብቻ ስለነበሩ ልጁ እዚያ መጫወት አልተፈቀደለትም። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ኦፕንን፣ በ1975 ደግሞ ዊምብልደንን አሸነፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የልጁ ተሰጥኦ ነው። እኔን ግን የሚያስገርመኝ የአባትየው ሥራ ነው። በእኛ ቋንቋ ከጠራናቸው እኚህ ሰው ዘበኛ ነበሩ። የሜዳው ቁልፍ በእርሳቸው እጅ ስለነበረ በሩ ለልጃቸው አልተዘጋም። ቢርድ ፓርክም ሜዳ ነበረው፤ እንዲያውም የተሻለ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የሲሚንቶ ጥራት አልነበረም።

ይህ የጥንት የአሜሪካ ነገር ነው የሚል ቢኖር ጎረቤታችን ኬንያን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2004 የተወለደችው አንጀላ ኦኩቶዪን ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ አያቷም ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የሎሬቶ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ መኖሪያቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ልጅቱ ቴኒስ የጀመረችው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። በ2022 በዊምብልደን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ውድድር ከአጋሯ ጋር ዋንጫ አነሣች፤ ለኬንያ በዚህ ደረጃ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ አንደኛው የዘበኛ ልጅ፣ ሁለተኛዋ የጽዳት ሠራተኛ የልጅ ልጅ። ሁለቱንም ያወጣቸው ከሜዳው አጠገብ የሚኖር፣ በሩን የሚከፍት ሰው መኖሩ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩ የነበሩት ስንት አንጀላዎች እንደሆኑ ማን ቆጠረ?

በአንጻሩ ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ ሳስተምር ሁለት የቴኒስ ሜዳዎች ነበሩ። በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ በራቸው ሲከፈት ያየሁት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ቁልፉን ብጠይቅ ንብረት ክፍል ወደ ስፖርት ክፍል መራኝ፤ ስፖርት ክፍሉ ወደ ጥበቃ፤ ጥበቃው ደብዳቤ ካላመጣህ አለኝ። ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ ንብረት ክፍል ነው።

አሁን ማክሰኝትን ላንሣ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገደኛ ከአውቶቡስ መስኮት የሚያውቃት በገበያዋና በሽምብራዋ ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ አላት፣ ጎንደር ቤተ መንግሥት አላት፤ ጎብኚ ስለሚመጣባቸው ዕቅድ አውጪው አይረሳቸውም። ማክሰኝትን የመረጥኩት ማንም ለጎብኚ ብሎ መናፈሻ የማይሠራላት ከተማ ስለሆነች ነው። እዚያ የሚሠራ ሜዳ ለነዋሪው ልጅ ካልሆነ ለማን ሊሆን ይችላል?

የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። አንድ ሙሉ የቴኒስ ሜዳ 23.77 ሜትር በ10.97 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ከሚያስፈልገው መሮጫ ጋር ሲደመር 670 ካሬ ሜትር አይሞላም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ለታናናሽ ልጆች ያወጣው ሥርዓት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል። የመጀመሪያው ደረጃ ሜዳ ርዝመቱ 11 ሜትር፣ ወርዱ 5.5 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መረቡ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ኳሷም ከመደበኛዋ በ75 በመቶ የዘገየች ናት። በአንድ ሙሉ ሜዳ ቦታ ላይ አራት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሜዳዎች ይሠመራሉ። ሁለት ባለሥልጣናት ላባቸውን በሚጠርጉበት ስፍራ 16 ልጆች በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ ማለት ነው። መረቡን የጣና ዓሣ አስጋሪ ያረጀውን ቢሰጠን ይበቃል፤ የመጀመሪያዎቹን መምቻዎች የሠፈር አናጢ ከጣውላ ይሠራቸዋል። አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን ከፍታው ነው። የጣና ዙሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የጨዋታው ሕግ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ መደበኛዋ ኳስ ትበራለችና። ሆቴሎች ተጠቅመው የሚጥሏቸው የደከሙ ኳሶች ለጀማሪ ልጅ ከአዲሶቹ የተሻሉ የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። በዚያ አካባቢ ብዙው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በችኮላ የፈሰሰ ኮንክሪት በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ አብሮት ይሰነጠቃል። ሪባን ለመቁረጥ የሚቸኩል ሹም ይህን አይወደውም፤ ዋልካውን ቆርጦ ማውጣት፣ በድንጋይና በተመረጠ አፈር መተካት፣ የጎርፍ መውረጃ ማበጀት ለካሜራ አይታይምና።

ለካሜራ የሚታየውን እንዴት እንደምንወደው ምስክር አለ። ባሕር ዳር ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታሰበ ስታዲየም ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ነገር ግን ብሔራዊ ቡድናችን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳው» ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ የአገራችን ስታዲየሞች የአህጉሪቱን መስፈርት ስላላሟሉ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በመኖሪያ፣ በትምህርትና በሥራ ቦታው የስፖርት ተሳታፊ እንዲሆን ይላል። ፖሊሲው የጻፈው መጫወቻን ነበር፤ የተሠራው መመልከቻ ነው፤ መመልከቻውም አላለቀ።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥታ በሕዝብ መናፈሻ ያሉ ከ3 ሺህ የሚበልጡ የቴኒስ ሜዳዎችን አድሳለች። ከዚህ ልንማር የሚገባን ከእድሳቱ ጋር ራኬት ጭምር የሚታደልበት ነጻ የሥልጠና ሰዓት መኖሩ ነው። ልንጠነቀቅ የሚገባን ደግሞ በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው በኢንተርኔት ተመዝግቦ በኮድ የሚከፈት በር ነው። ይህ በር እኛ አገር ቢመጣ፣ ስልክ ያለውን አስገብቶ ባዶ እግሩን የቆመውን የሚመልስ ዘመናዊ ዘበኛ ይሆናል።

በእኔ እምነት የሚሻለው የሰው ዘበኛው ነው። በየመናፈሻው ደመወዝ የሚከፈለው ጥበቃ አስቀድሞም አለ፤ ችግሩ የሥራ መዘርዝሩ ልጅ ማባረር መሆኑ ነው። መዘርዝሩ ይለወጥ። ቁልፉ የሠፈሩ ነዋሪ በሆነ፣ መሠረታዊ ሥልጠና በወሰደ አንድ ሰው እጅ ይሁን፤ በስሙ ይታወቅ፣ ደመወዙም ከማዘጋጃ ቤቱ መደበኛ በጀት ይመደብ እንጂ ከፕሮጀክት አይሁን፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ በሩ ይዘጋልና። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለልጆች በነጻ ይሁን፤ ከሳምንቱ ቀናት ሁለቱ ለሴት ልጆች ብቻ ይለዩ፤ ካልተለዩ ወንዶቹ ሜዳውን ይሞሉታል፣ ልጃገረዶቹም ውኃ ሊቀዱ ሲያልፉ ቆም ብለው ያያሉ። ጎልማሶች ጠዋትና ማታ ከፍለው ይጫወቱ፤ ገንዘቡ ኳስ ይግዛ። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን እዚያ ያድርጉ፤ የአሽ የመጀመሪያ አሠልጣኝ ተማሪ እንደነበረ አንርሳ። ዩኒቨርሲቲዎቹም የራሳቸውን ሜዳ በር በቅዳሜ ለጎረቤት ልጅ ከመክፈት ይጀምሩ፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ደብዳቤም እንኳ።

የማክሰኝት ማዘጋጃ ቤት ይህን ሐሳብ ከተቀበለው ክረምቱን ለመሬት ልየታና ለቁልፍ ያዡ ምርጫ ይጠቀምበት። አፈሩን መቁረጥ የሚቻለው ዋልካው ጠፈፍ ሲል፣ ከጥቅምት በኋላ ነው።