የታመመች እጅ ሥራ

አማርኛ በመማር ላይ ለምትገኙ አንባብያን፣ አንድ ቃል ያሳተኝን ስሕተት ብናገር ሳይጠቅም አይቀርም። ስሕተቱ የራሴ ነው፤ የተጎዱት ግን አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው።

በካምፓላ ከተማ፣ ሐበሾች በሚበዙበት በካባላጋላ ሠፈር ከልጃቸው ጋራ የሚኖሩ የአገራችን ሴት፣ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ሕመም በድንገት ያዛቸውና ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ። እንግሊዝኛም ሆነ ሉጋንዳ አያውቁም። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ በዚያ ከተማ ሰንብቼ ነበርና በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት እየተከተልሁ አስተርጓሚ ሆንሁላቸው።

የምትረዳቸው ኡጋንዳዊት ወጣት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነበረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋም ስለ «ኦኩፔሽን» ሆነ። እኔ ቃሉን የማውቀው በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ስለሆነ፣ «እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አልኋቸው።

«ምን ሥራ አለኝ ልጄ፤ በልጄ እጅ የምጦር አሮጊት ነኝ።»

ባለሙያዋም ይህንኑ ጻፈችና ትንንሽ እንጨቶችን ከሣጥን ወደ ሣጥን እንዲያዛውሩ አዘዘች። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። እማማ እንጨቱን በደኅናው እጃቸው ገፋ እያደረጉ «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ደከማት በላት» ይሉኝ ነበር። ልጅቱም ሕመምተኛዋ ተስፋ የቆረጡ መሰላት።

ጥፋቱ በእኔ ትርጕም ነበረ። በዚህ ሕክምና ቋንቋ «ኦኩፔሽን» ማለት መተዳደሪያ ብቻ አይደለም። ሰው ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ቀኑን የሚሞላበትን ተግባር ሁሉ ይጠቀልላል፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ ቡና ማፍላት፣ መጸለይም ጭምር። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ቃላችን ከግዕዝ የወረስነው ተግባረ እድ ይመስለኛል። «እድ» ማለት እጅ ነው፤ እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች ዛሬም «ኢድ» እንላለን። የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን ሲሰማ የታወቀው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ትዝ ይለዋል፤ በገዳም ግን መነኮሳት ከጸሎት ጋራ እያፈራረቁ የሚሠሩት የእጅ ሥራ ነው። ስለ አባ እንጦንስ ከሚነገሩት ታሪኮች በአንዱ፣ ቅዱሱ በበረሃ ልቡ ታክቶ ሳለ፣ እርሱን የመሰለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ደግሞ ሲጎነጉን አየ። መልአክ ነበረ።

ሕክምናው በዛሬ ስሙ የተደራጀው ግን በአሜሪካ ነው። በኒውዮርክ ግዛት፣ በክሊፍተን ስፕሪንግስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዱ ጆርጅ ባርተን ይባላል። ባርተን የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ በሳንባ ነቀርሳ የተሠቃየ፣ በኋላም ግራ ጎኑ ሽባ የሆነ ሰው ነበረ። በጨለመበት ጊዜ አነጋግሮ ያበረታው ኤልውድ ዎርስተር የተባለ ቄስ ነው። ይህን የሙያውን አመጣጥ ብዙ ሰው ረስቶት ቆይቷል። በ1997 ግን የካናዳ ባለሙያዎች ማኅበር ባወጣው መምሪያ መንፈሳዊነትን በሰው ማንነት መካከል አኖረው። በቃሉም ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው፣ አማኝ ላልሆነውም ቢሆን፣ ለኑሮው ትርጕም የሚሰጠውን የውስጥ ነገር ሁሉ አመለከተበት።

ወደ እማማ ልመለስ። በአራተኛው ሳምንት ልጅቱ አንድ ነገር አስተዋለች። ውኃ በተሰጣቸው ቍጥር እማማ ቀኝ እጃቸውን ይመለከቱና በከንፈራቸው አንዳች ብለው ነው የሚጠጡት። «ምን እያሉ ነው? ማለዳ ሲነቁስ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ይህን ለመጠየቅ አስቤ አላውቅም ነበር።

«አማትባለሁ» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «አማትብ ነበር» አሉ።

በግራ እጅዎ ቢያማትቡስ ብትላቸው «በግራ አይሆንም!» ብለው ተቈጡ። ልጅቱ እስላም ናት፤ ፈገግ ብላ «በእኛም ለሶላት ስንታጠብ የሚቀድመው ቀኝ እጅ ነው» አለችኝና እንጨቶቹን ወደ ሣጥናቸው መለሰች።

ማማተብ ምን ያህል ሥራ እንዳለበት ያን ቀን ነው ያየሁት። ክርን ይታጠፋል፤ ክንድ እስከ ግንባር ይነሣል፤ ወደ ደረት ይወርዳል፤ የሰውነትን መካከል አቋርጦ ወደ ግራ ትከሻ ይሻገራል፤ ከዚያም ወደ ቀኝ ይመለሳል። መጀመሪያ እጃቸውን በጠረጴዛ ላይ በጨርቅ እያንሸራተቱ፣ ቀጥሎም በግራ እጃቸው ደግፈው ያነሡት ጀመር። የተጎዳ አንጎል እንቅስቃሴን እንደገና የሚማረው በብዙ መደጋገም ነው። ለእንጨቱ አሥር ጊዜ የሰነፉት እናት ግን ለዚህ ስንት ጊዜ እንደ ደጋገሙ ቈጥሬ አልዘለቅሁም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም እንደ ታዘዙ ይወስዱ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አልያዘም።

ካምፓላ ኮረብቶቿን ለሃይማኖቶች ያከፋፈለች ከተማ ናት፤ በናሚሬምቤ የአንግሊካን፣ በሩባጋ የካቶሊክ ካቴድራል፣ በኪቡሊ መስጊድ። በ1897 የተመሠረተው የሜንጎ ሆስፒታልም የሚሲዮን ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ አገር፣ ጸሎትን ከሕክምና ጋራ ማያያዝ ቀላል ይመስላል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ቀላልነቱ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሆዱን የታመመ ልጅ ከመድኃኒቱ በፊት መዝሙር ይዘምር ነበር፤ የዘመረው ለእምነት ይሁን ለመድኃኒቱ ግን ማንም አልጠየቀውም። ልጅቱ ያደረገችው የዚህን ተቃራኒ ነው። የራሷን ጸሎት አላቀረበችም፤ የእማማን ጠየቀች።

ካምፓላን በለቀቅሁበት ሳምንት ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድሁ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ከግንባራቸው አደረሱ፤ ወደ ደረታቸው አወረዱ፤ ወደ ግራ ትከሻቸውም አሻገሩ። ወደ ቀኝ መመለሱ ገና አልሆነላቸውም።