ወጌሻ ከመጥራታችን በፊት

ለመሆኑ ባታችሁን የምታስታውሱት መቼ ነው? ከብዙዎቻችን የሚገኘው መልስ «ሲያመኝ ነዋ!» የሚል ይመስለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ እንደወረድን ኳስ ሜዳ እንገባለን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱን ቁርጭምጭሚቱን ወለም ይለዋል፤ ሌላውን ባቱ ይሸማቀቅበታል። ከዚያ «ወጌሻ ጥሩ!» ይባላል። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ወጌሻ ከመጥራታችን በፊት ለባታችንና ለቁርጭምጭሚታችን አምስት ደቂቃ እንስጥ።

ነገሩ የሯጮች ብቻ አይደለም። ባታችን ሁለት ዋና ዋና ጡንቻዎች አሉት። የላይኛው የሚነሳው ከጉልበት በላይ ሲሆን ውስጠኛው ግን ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱም በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ። እነዚህ ሲጠብቁ ቁርጭምጭሚት እንደልብ አይታጠፍም። እስቲ ተረከዛችሁን ከመሬት ሳታነሱ ቁጢጥ በሉ! ገጠር ያሉ አባቶቻችን እንዲህ ሆነው ረጅም ወግ ይጨርሳሉ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምንውለው እኛ ግን ወይ ተረከዛችን ይነሳል፣ ወይ ወደ ኋላ እንንጋለላለን። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ለዓመታት የሚያዘወትሩ እህቶቻችንም የባት ጡንቻቸው እያጠረ ሊሄድ ይችላል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግድግዳ ይበቃል። ሁለት እጃችሁን ግድግዳ ላይ አሳርፉና አንድ እግራችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ጉልበታችሁ ቀጥ፣ ተረከዛችሁ መሬት ላይ እንዳለ ባታችሁ ሲሳብ እስኪሰማችሁ ወደ ፊት አዘንብሉና 30 ሰከንድ ቆዩ። ቀጥሎ ተረከዙ ሳይነሳ የኋላውን ጉልበት አጠፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን ይዘላታል፤ ውስጠኛው ጡንቻ በደንብ የሚሳበው ግን በእሷ ነው። በየእግሩ 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ወይም 3 ቀን መሥራት ጥሩ ነው። ከጨዋታ በፊት ሶምሶማ ሮጦ ሰውነትን ማሞቅ፣ ቆም ብሎ ማሳሳቡን ደግሞ ከጨዋታ በኋላ ማድረግ ይመረጣል።

«እኛ እኮ የአበበ ቢቂላ አገር ልጆች ነን፤ ይሄ ቅምጥልነት ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ እውነት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴም እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው የተረከዝ ጅማቱ እያስቸገረው ነበር፤ በኋላም ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በደረሰበት የባት ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከውድድር ርቋል። ቢያሳስቡ ኖሮ አይጎዱም ነበር ማለቴ አይደለም። ማሳሳብ ጉዳትን ሁሉ አያስቀርም፤ የማግስቱን የጡንቻ ሕመም እንኳ እምብዛም አይቀንስም። የሚሰጠን እግራችን እንደልብ እንዲታዘዝ ነው፤ ይህም ደረጃ ለሚወርድ ሽማግሌ ሳይቀር ትልቅ ነገር ነው። ድንገት ያበጠ ወይም መርገጥ ያቃተው እግር ግን ሐኪም እንጂ ግድግዳ አያሻውም።

እዚህ ላይ የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ኃላፊነት ይመጣል። በስፖርት ዜናዎቻችን «በጉዳት ምክንያት አይሰለፍም» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። የትኛው ጡንቻ? በምን ምክንያት? የሚሰማው ወጣትስ ምን ይማርበት? የጤና ዓምዶችም «ስፖርት ሥሩ» ይሉናል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ እምብዛም አይነግሩንም። ለምንና እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች ክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ የምንሸመድዳቸው መሆን የለባቸውም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? ነገ ስለ ሰው ጉዳት የምንዘግብ ሰዎች ዛሬ የገዛ ባታችንን እንወቀው እላለሁ።