ሰውነትን ማሟሟቅ የልምምድ ዋዜማ ነውን?

ምጣዱ በሚገባ ሳይግል ሊጥ ቢያዞሩበት እንጀራው ዐይን አያወጣም፤ ምጣዱም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ጋጋሪ የለም። የትግል ስፖርት አሠልጣኞች ግን፣ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ፣ ነገሩ የሰው ጡንቻ ሲሆን የሚዘነጉት ይመስለኛል።

ለዚህ አስተያየት ያነሣሣኝ በአንድ የቅይጥ ትግል መለማመጃ አዳራሽ ያየሁት ነው። ቅይጥ ትግል ቦክስን፣ ነፃ ትግልን፣ የታይላንድን ቦክስ፣ ጁዶንና የብራዚልን ጁጂትሱ ያጣመረ ስፖርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ከተካሄደው ውድድር ወዲህ ዝናው እየሰፋ መጥቷል። ተጋጣሚው በጡጫም በርግጫም ይመታል፤ ወገብ ይዞ ይጥላል፤ መሬት ላይም ይታገላል። ስለዚህ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሥራ የማይበዛበት መገጣጠሚያ የለም ማለት ይቻላል።

በዚያን ዕለት ወጣቶቹ አዳራሹን ጥቂት ጊዜ ከዞሩ በኋላ ተቀምጠው እግራቸውን በመዘርጋት የእግራቸውን ጣት ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ላባቸው ደረቀ። ከዚያም ጥንድ ጥንድ ሆነው መጣጣል ጀመሩ። አንድ ወጣት ዘግይቶ ደረሰና ያችኑ ሩጫ እንኳ ሳይሮጥ ጫማውን አውልቆ ገባ። ባልደረባው ሲጥለው እጁን ወደ ኋላ ተክሎ ስለ ወደቀ የእጁ አንጓ ክፉኛ ወለም አለው። አሠልጣኙ፣ «ዕድሉ ነው» አለ። እኔ ግን ይህን ለመቀበል አልቻልሁም።

ሰውነት ሲንቀሳቀስ የልብ ምት ይጨምራል፤ ወደ ጡንቻ የሚሄደውም ደም ይበዛል። የጡንቻው ሙቀት ከፍ ሲል መኮማተሩና መላላቱ ይፈጥናል፤ የነርቭ መልእክትም ፈጥኖ ይደርሳል። በአንጻሩ አንድን ጡንቻ ከ60 ሴኮንድ በላይ ለጥጦ መያዝ ኀይሉን ለጊዜው እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ተቀምጦ ማሳሳብ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ከልምምድ በኋላ ነው።

ታዲያ በፊት ምን ይደረግ? የእኔ አስተያየት ማሟሟቂያው ከስፖርቱ ከራሱ ይቀዳ የሚል ነው። ቀለል ያለ ሩጫ ወይም የገመድ ዝላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ቀጥሎ ጉልበትን አጥፎ ዝቅ በማለት ወደ ፊት መግባት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ወደ ጎን እያሸሹ መንፏቀቅ፣ በአየር ላይ ጡጫ መሰንዘር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መውደቅ ይለማመዱ። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ዓ.ም. በቶኪዮ የመሠረተውን ጁዶ የሚማር ሰው ጓደኛውን ከመጣሉ አስቀድሞ ራሱ መውደቅን ይማራል። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ክንዱን ዘርግቶ ምንጣፉን ይመታል፤ የአወዳደቁም ኀይል በሰፊው የሰውነት ክፍል ላይ ይበተናል። በየዕለቱ ሲያሟሙቅ አሥር ጊዜ የሚወድቅ ጀማሪ በመቶ ቀን ውስጥ አንድ ሺሕ ጊዜ ወድቋል። ያ ወጣት ይህን ቢያደርግ ኖሮ እጁን ወደ ኋላ ይተክል ነበር ብዬ አላምንም።

«ያለን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሩቡን በማሟሟቅ ልንጨርሰው ነውን?» የሚሉ አሉ። የጊዜ ማነስ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴው የስፖርቱ ከሆነ ሩብ ሰዓቱ ምኑ ላይ ባከነ? በኖርዌይ ወጣት ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሥርዓት ያለው ማሟሟቂያ ከባድ ጉዳቶችን እንደቀነሰ አሳይቷል። ትግል እግር ኳስ አይደለም፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ግን ያው ናቸው።

በማሟሟቅ ስም ልጆቹን እስኪዝሉ የሚያደክሙም አሉ። ይህም ያው ጥፋት ነው፤ የደከመ ሰው አወዳደቁ አያምርምና።

የዘገየውንስ ተማሪ ምን እናድርገው? እንደ ቅጣት አዳራሹን አያዙሩት፤ በቀጥታም አያስገቡት። ምንጣፉ ዳር ብቻውን ይውደቅ፣ ይነሣ፣ እንደገና ይውደቅ። ባልደረባው እስኪሞቅ ድረስ ይጠብቀው።