አርዶ መብላትና አርብቶ መብላት

ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ የሚበላውን እንስሳ በገዛ እጁ አሳድጎ በገዛ እጁ ይረድ፤ ይህን ለማድረግ አንጀቱ የማይችል እንደ ሆነ ግን ሥጋውን ይተው የሚል ክርክር በምዕራባውያን ዘንድ ከተነሣ ሰንብቷል። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ራሱ ከገደለው በቀር የሌላ እንስሳ ሥጋ ላለመቅመስ ለአንድ ዓመት በራሱ ላይ ሥርዓት ደንግጎ ዶሮና ፍየል ማረዱ በተሰማ ጊዜ ነገሩ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ይህን ወሬ የሰማ ኢትዮጵያዊ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ በቀዳም ሥዑር ዶሮ ማረድ፣ በማግሥቱም ማለዳ በግ መጣል በአገራችን የአባወራ ተራ ግዴታ እንጂ የሚጻፍለት ገድል ሆኖ አያውቅምና።

ይሁን እንጂ ፈገግታችን የቸኮለ ነው። የአዲስ አበባ አባወራ በበዓሉ ዋዜማ ወደ ሾላ ወይም ወደ ካራ ገበያ ወጥቶ፣ የበጉን ጀርባና ላት ዳብሶ፣ በዋጋው ተከራክሮ፣ በገመድ እየጎተተ ወይም በመኪና ጭኖ ያመጣዋል፤ ሌሊቱን በግቢው አስሮ ያሳድረዋል፤ ማለዳም ራሱ ያርደዋል ወይም ከግቢ ግቢ የሚዞር አራጅ ጠርቶ ያሳርደዋል። በእርሱና በበጉ መካከል የነበረው ትውውቅ የአንድ ሌሊት ነው፤ ያንን በግ ማን እንዳዋለደው፣ በየትኛው ተዳፋት እንደ ጋጠ፣ ገና ግልገል ሳለ ብርድ ሊገድለው ሲል ማን ምድጃ ዳር እንዳስጠጋው አያውቅም። አሜሪካዊው ባለጠጋም ቢሆን ገደለ እንጂ አላረባም። እንግዲህ ሁለቱም የተፈተኑት በመጨረሻይቱ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ እኔ ግን ይህች ሰዓት ምንም እንኳ ደም የሚፈስባት ብትሆን ከፈተናው ሁሉ ቀላሊቱ ናት ባይ ነኝ። የሰው እጅ የማይለምደው ነገር የለም፤ በመጀመሪያው በዓል ቢላዋ ይዞ የተንቀጠቀጠ ጎረምሳ በሦስተኛው እየቀለደ ያርዳል። በቀላሉ የማይለመደው ያሳደጉትን ማረድ ነው።

ለዚህ ከመጽሐፍ ምስክር የሚሻ ሰው ነቢዩ ናታን በንጉሥ ዳዊት ፊት ቆሞ የተናገረውን ምሳሌ ያስታውስ። አንድ ድሀ ከማዕዱ የምትካፈል፣ በጉያው የምትተኛ፣ ከልጆቹ የማትለይ አንዲት ጠቦት ብቻ ነበረችው፤ ጎረቤቱ ባለጠጋ እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከብዙው መንጋው ማረድ ሳስቶ የድሀውን ጠቦት ወስዶ አረደ። የምሳሌው ዓላማ ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ባስገደለው በኦርዮ ላይ የፈጸመውን በደል መግለጥ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዳዊት በቁጣ የነደደው ምሳሌው ስለ ራሱ መሆኑን ገና ሳይረዳ ስለ ጠቦቲቱ በሰማው ብቻ ነበርና፣ አራት እጥፍ ይመለስላት ከማለቱም በላይ ሰውዬው ሞት ይገባዋል ብሎ ማለ። በግን በገበያ ዋጋው ብቻ የሚያውቅ ንጉሥ ቢሆን ኖሮ አራት እጥፉ በበቃው ነበር፤ የሞቱን ፍርድ ያስጨመረው የልጅነት እረኝነቱ ይመስለኛል።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ ከሐረርጌ ገበሬ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በሬውን ለጥቂት ዓመታት ካረሰበት በኋላ ከቀንበር አውጥቶ በቤቱ አጠገብ ያስረዋል፤ ከማሳው እየነቀለ ያሳሳውን የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ፣ የለቀመውን ቅጠልና አገዳ እየመረጠ ወራት ሙሉ በእጁ ያጎርሰዋል፤ ሚስቱና ልጆቹም ድካሙን ይካፈላሉ። በከተማ ሥጋ ቤቶች የሐረር ሰንጋ እየተባለ የሚወደሰው ጮማ የተገኘው ከዚህ ጉርሻ ነው። በመጨረሻ ግን ሰንጋው ለነጋዴ ተሸጦ ይሄዳል እንጂ ያጎረሰው ቤተሰብ ከዚያ ሥጋ አይቀምስም። ይህ ከርኅራኄ የተነሣ ነው ብዬ ለገበሬው ቅኔ ልዘርፍለት አልሻም፤ የሚሸጠው ገንዘቡ ስለሚያስፈልገው ነው። ሆኖም ውጤቱን እንይ፤ አርቢው አይበላም፣ በሊታው አያረባም፣ በመካከላቸውም ደላላ፣ የጭነት መኪና፣ ቄራና ሥጋ ቤት ቆመዋል።

የጥንቱ ሥርዓት ሁለቱን እንዲህ አላራራቀም ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው ለሰው በመጀመሪያ የተሰጠው ምግብ ዘርና ፍሬ ሲሆን፣ ሥጋ የተፈቀደለት ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ ያውም ደሙ ተከልክሎ ነው፤ ፈቃዱ ከነገደቡ መጣ ማለት ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ሳይባርክ አያርድም፤ ሙስሊሙም የአላህን ስም ጠርቶ፣ ቢላዋውን አስቀድሞ ስሎ፣ ስለቱን ከእንስሳው ዓይን ሰውሮ፣ አንዱን በሌላው ፊት ላለማረድ ተጠንቅቆ ያርዳል፤ በአረፋ ያረደውንም ለቤቱ፣ ለዘመዱና ለድሀ ያካፍላል። የቤተ ክርስቲያን ጾም ደግሞ፣ ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን መሆኑን ስናስብ፣ ለእንስሳውም ዕረፍት ነበር። እነዚህ ሁሉ የተደነገጉት በሬውን ቡሬ፣ ዳለቻ እያለ በስሙ ለሚጠራ ሕዝብ ነው። ቅርጫ እንኳ ከዚህ መንፈስ አልራቀም፤ ከሻኛው እስከ ጨጓራው በመደብ በመደብ ተደልድሎ ዕጣ ሲጣልበት፣ ጮማውን መርጦ ሌላውን የሚንቅ አይኖርም።

ታዲያ ከተሜው ሁሉ በግ ያርባን? እንደማይሆን አውቃለሁ። የኮንዶሚኒየም ሰፈሮቻችንን የነደፉት ሰዎች ነዋሪው በበዓል የሚያርድበት የጋራ ቤት ማሰባቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ የሚያረባበትን ግን ሊያስቡ አይችሉም ነበር። እንደ ልብ ማረድም ቢሆን መዘዝ አለው፤ አባ ሰንጋ የያዘው ከብት አራጁንም በሊታውንም ሊገድል ይችላል፤ የጥሬ ሥጋ ወዳጆች ከኮሶ ጋር ያላቸው የቆየ ዝምድና ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ሥጋን የሚመረምር ሐኪም በቄራ መቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉም በላይ ያልሠለጠነ እጅ እንስሳውን ያሠቃያል፤ የበሊታውን ኅሊና ለመፈተን ተብሎ በግ በደነዘ ቢላዋ ሊቃትት አይገባም። ስለዚህ እኔ ከምዕራባውያኑ ፈተና ግማሹን እቀበላለሁ፤ ቢላዋው ለሚያውቅበት ይተውለት፣ ማርባቱን ግን በሊታው ይሞክረው።

ለዚህ የሚሆን ልማድ ደግሞ ከእጃችን አልጠፋም። በገጠር አንዱ ከብቱን ለሌላው ሰጥቶ የሚወለደውን የሚካፈልበት ርቢ የሚባል ስምምነት አለ፤ ባላገር ዘመድ ያለው ከተሜ አንዲት በግ በዚህ መንገድ አስጠብቆ፣ ልጆቹን ይዞ በየጊዜው ቢጎበኛት ወጪው ከአንድ በዓል በግ የሚበልጥ አይደለም። ግቢ ያለው ጥቂት ጫጩቶች ሊያሳድግ ይችላል፤ ያን ጊዜ በዶሮ እርባታ ድርጅት በ6 ሳምንት ገደማ ለቢላዋ የሚደርሰው የሥጋ ዶሮና በጓሮ እየጫረ ብዙ ወራት የሚፈጀው የአበሻ ዶሮ ለምን በዋጋ እንደሚለያዩ ያለ አስተማሪ ይገባዋል። እንዲህ የሞከረ ሰው ሥጋ ጨርሶ ይተዋል ብዬ አልጠብቅም፤ በዓልና የአዘቦት ቀን ግን ይለይለታል።

የበሊታውና የአርቢው መራራቅ ምን ያህል እንደ ደረሰ ለማየት የሚሻ በበዓል ማግሥት በከተማው ይዘዋወር፤ ቀድሞ ነጋዴው ከደጅ ደጅ እየዞረ ይገዛው የነበረው የበግ ቆዳ በየቦዩ ተጥሎ ይሸታል። ማርባት ከቶ የማይሆንለት ሰውም ቢሆን በመጪው በዓል ገበያ ላቱን ከመዳበሱ በፊት በጉ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እየበላ እንዳደገ ቢጠይቅ መልካም ነው። ሻጩ አትራፊ ነጋዴ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አያውቅም፤ በጎቹን ራሱ እየነዳ የመጣ ባላገር ግን ያውቃል፤ ጥቂት ብር ቢያስጨምርም ከእርሱ መግዛት ይሻላል።